ላይካ ወይስ ኮንታክስ? በወረቀት ያሸነፈው ካሜራ በታሪክ ለምን ተሸነፈ?

ሁለት ካሜራ አስቡ። ሁለቱም ጀርመን ሠራሽ ናቸው። ሁለቱም ኮት ኪስ ውስጥ ይገባሉ። ሁለቱም አንድ ዓይነት የሲኒማ ፊልም ይጎርሳሉ፤ ሁለቱም 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነ ምስል ያነሳሉ፤ አንድ ጥቅል ፊልም ለሁለቱም 36 ፎቶ ይበቃቸዋል። ሁለቱም ርቀት መለኪያ በውስጣቸው አላቸው። ሁለቱም ውድ ናቸው። አንደኛው ላይ «ላይካ»፣ ሌላኛው ላይ «ኮንታክስ» የሚል ስም ተቀርጿል። የቱን ትገዛላችሁ?

ይህ ከ1932 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፎቶ አንሺዎችን ጎራ ለይቶ ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ ነው። ነገሩ የካሜራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለፎቶ አፍቃሪዎች ትተነው ባለፍን። ነገር ግን በእነዚህ ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ታሪክ ውስጥ የዓለም ጦርነት አለ፤ የምሥራቅና የምዕራብ ድንበር አለ፤ በባቡር ተጭኖ የሄደ ፋብሪካ አለ፤ ከተሸነፈች ሀገር ተነሥቶ ሁለቱንም የበለጠ ሦስተኛ ወገን አለ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ዛሬም የማይለቀን አንድ ጥያቄ አለ። ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮች ቀርበውልን አንዱን ስንመርጥ፣ በእርግጥ የምንመርጠው ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ መልስ አጭር ነው፤ ከዕቃው ይልቅ ከዕቃው ጀርባ ያለውን ሰውና አሠራር ነው የምንመርጠው። ይህን ያልተረዳ ገዢ፣ ግለሰብም ይሁን መንግሥት፣ ወረቀት ላይ የተሻለውን ገዝቶ ይከስራል። እንዴት እንደሆነ ታሪኩ ይንገረን።

፩. ከዛይስ ቤት የወጣው ሰው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ውስጥ ሁለት ዝነኛ የማይክሮስኮፕ ሠሪ ቤቶች ነበሩ። አንደኛው ካርል ዛይስ በ1846 በየና ከተማ የከፈተው ነው። ሁለተኛው በቬትስላር የነበረውና ኤርንስት ላይትስ በ1869 የተረከበው ነው። ፉክክራቸው በካሜራ የተጀመረ አይደለም። ከካሜራው ብዙ ቀድሞ ለሐኪሙና ለተመራማሪው ማይክሮስኮፕ ለመሸጥ ሲሻሙ ኖረዋል።

በዛይስ ቤት ኦስካር ባርናክ የሚባል መካኒክ ይሠራ ነበር። እጀ ወርቅ ባለሙያ ነው፤ ጤናው ግን ደካማ ነው፤ አስም ያሠቃየዋል። ቀድሞ ወደ ላይትስ የተሻገረ የሥራ ባልደረባው ጠቁሞት በ1911 ዛይስን ለቆ ወደ ቬትስላር ሄደ። ባርናክ ትርፍ ጊዜውን ፎቶ በማንሳት የሚያሳልፍ ሰው ነበር። የዚያ ዘመን ካሜራ ግን ከባድ የመስታወት ሳህንና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ለአስም በሽተኛ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ የሲኒማ ፊልም የሚጎርስ፣ ኪስ የሚገባ ካሜራ ለራሱ ሠራ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ አፋፍ ላይ በነበረበት በ1913 እና በ1914 መካከል መሆኑ ነው።

ጦርነቱ መጣና ነገሩ አሥር ዓመት ገደማ ተኛ። በ1924፣ ጀርመን ከዚያ አስፈሪ የዋጋ ንረት ገና እያገገመች ሳለ፣ የመሥራቹ ልጅ ኤርንስት ላይትስ ዳግማዊ ካሜራው ይመረት ብሎ ወሰነ። ድፍረት የሚጠይቅ ውሳኔ ነበር፤ ቤቱ ካሜራ ሸጦ አያውቅማ። በ1925 በላይፕሲግ የንግድ ትርዒት ላይ ለሕዝብ ቀረበ። ስሙም «ላይትስ» እና «ካሜራ» ከሚሉት ቃላት ተቆርጦ «ላይካ» ተባለ። መጀመሪያ ላይ መጫወቻ ነው ብለው የናቁት ነበሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በአሥር ሺዎች ተሸጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በኋላ ዛይስን እንቅልፍ የነሣው ካሜራ የተሠራው ከራሱ ከዛይስ ቤት በወጣ ሰው እጅ ነው። ዛይስ ያጣው አንድ ማሽን ወይም አንድ ሰነድ አልነበረም፤ አንድ ሰው ነበር። ይህ ነገር በታሪኩ መጨረሻ ተመልሶ ይመጣል።

፪. ግዙፉ ቤት መልስ ሲሰጥ

ዛይስ ዝም ብሎ የሚያይ ድርጅት አልነበረም። በ1926 በዛይስ ገንዘብ አራት የጀርመን ካሜራ ፋብሪካዎች ተዋሕደው በድሬስደን ከተማ «ዛይስ ኢኮን» የተባለ ግዙፍ ኩባንያ ሆኑ። ከላይትስ ጋር ሲነጻጸር ዝሆንና ፍየል ማለት ነው። ይህ ዝሆን በ1932 ኮንታክስን አወጣ። ላይትስም በዚያው ዓመት ርቀት መለኪያ የተገጠመለትን ሁለተኛውን ላይካ አወጣ። የጽሑፋችን ጥያቄ በትክክል የተወለደው ያኔ ነው።

እስቲ እንደ ገዢ ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

በፍጥነት እንጀምር። ላይካው ፊልሙን ለብርሃን የሚከፍተው ቢበዛ ለሴኮንድ አንድ አምስት መቶኛ ነው። ኮንታክሱ አንድ ሺኛ ይደርሳል። የሚሮጥ ፈረስ ለሚያነሳ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ወደ ሌንስ እንሂድ። ላይካው በአብዛኛው ይሸጥ የነበረው በማክስ ቤሬክ በተቀመረው ኤልማር ሌንስ ነው፤ የብርሃን ቁጥሩ 3.5 ነው። ለኮንታክስ ሉድቪግ በርቴለ የቀመረው ዞናር ሌንስ ደግሞ 1.5 ድረስ ይከፍታል። በሌንስ ቋንቋ ቁጥሩ ሲያንስ የሚገባው ብርሃን ይበዛል፤ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። በኩራዝና በሻማ ብርሃን ፎቶ ማንሳት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ክርክር የለም።

ርቀት መለኪያውስ? ይህ መሣሪያ በሁለት መስኮት አይቶ ርቀትን የሚለካ ነው፤ መስኮቶቹ በተራራቁ ቁጥር ልኬቱ ይጠራል። የኮንታክስ መስኮቶች ርቀት ከላይካው ከእጥፍ በላይ ነበር።

አጠቃቀሙም ቢሆን እንዲሁ ነው። የላይካ ሌንስ እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞሮ ዞሮ የሚገባ ብሎን ነው፤ የኮንታክስ ግን ገፋ፣ ዞር፣ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። ላይካ ፊልም የሚጎርሰው ከታች በጠባብ ክፍተት ነው፤ የኮንታክስ ጀርባ ግን ሙሉ በሙሉ ይነሳል። በ1936 የወጣው ሁለተኛው ኮንታክስ ደግሞ ማነጣጠሪያውንና ርቀት መለኪያውን በአንድ መስኮት አዋሐደ። ላይካ የያዘው ሰው በአንዱ ቀዳዳ ርቀት ለክቶ፣ ዓይኑን ወደ ሌላው ቀዳዳ አዙሮ ያነጣጥራል።

እንግዲህ ዳኛው ወረቀት ቢሆን ፍርዱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኮንታክስ አሸንፏል።

፫. ሳሩና ገደሉ

«አንተ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይላል የሀገራችን ሰው። ከላይ የዘረዘርነው ሳሩ ነው። ገደሉ ያለው ከካሜራው ውስጥ ነው።

የላይካ መዝጊያ ሁለት ጎማ የተቀባ የጨርቅ መጋረጃ ነው። ከጎን ወደ ጎን ይሮጣል። ቀላል፣ ዝም ያለ፣ ሙያ ያለው ሰው ፈትቶ ሊያስተካክለው የሚችል ነገር ነው። የኮንታክስ መዝጊያ ከቀጫጭን የብረት ዘንጎች የተሠራ፣ እንደ ሱቅ ተጠቅላይ በር ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። እጅግ የተራቀቀ ሥራ ነው። ነገር ግን ያን ሁሉ ብረት የሚጎትቱት ጥብጣቦች ናቸው። ጥብጣቦቹ ሲያረጁ ይበጠሳሉ። ሲበጠሱ ደግሞ ካሜራውን ለመክፈት የሚደፍር ጠጋኝ በየመንደሩ አይገኝም። የመጀመሪያው ኮንታክስ ከ1932 እስከ 1936 ባሉት አራት ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ መሻሻል ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌላም አለ። ላይትስ አንድ ብልህ አሠራር ነበረው። የቆየ ላይካ ያለው ሰው ካሜራውን ወደ ቬትስላር ልኮ፣ ክፍያ ከፍሎ፣ ወደ አዲሱ ሞዴል ማስለወጥ ይችል ነበር። ርቀት መለኪያ ያልነበረው ካሜራ ርቀት መለኪያ ተገጥሞለት ይመለሳል። ይህ አገልግሎት በዝርዝር መግለጫው ላይ አይጻፍም፤ ለገዢው ግን «ገንዘብህ አልባከነም፤ አብረን እንሄዳለን» ይለዋል። የላይካ ባለ ብሎን ሌንስም መጠኑ ሳይለወጥ ቆየ፤ ከላይካ አልፎ የሌሎች ሀገሮች ካሜራ ሠሪዎች መለኪያ እስከ መሆን ደረሰ።

ፎቶ አንሺዎቹስ የቱን ያዙ? አንድ ወጥ መልስ የለም፤ ይህ ራሱ ትምህርት ነው። ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርቲየ ብሬሶን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይካ ገዛ፤ ሰው እንዳያየው የሚያብረቀርቀውን ብረት በጥቁር ፕላስተር ሸፍኖ መንገድ ለመንገድ ይዞት ዞረ። ዝም ያለ፣ ትንሽ፣ ከእጁ የማይለይ ነገር ነበር የፈለገው። ወዳጁ ሮበርት ካፓ ግን ጁን 6 ቀን 1944 ከአሜሪካ ወታደሮች ጋር ኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ላይ ሲወርድ የያዘው ኮንታክስ ነበር። ከዚያ ቀን የቀሩት ጥቂት የደበዘዙ ምስሎች ዛሬም የጦርነት ፎቶግራፍ ምሳሌ ሆነው ይጠቀሳሉ። በ1947 ሁለቱ ሰዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ማግነም የተባለውን የፎቶ አንሺዎች ኅብረት ሲመሠርቱ፣ የካሜራ ልዩነታቸው አላጣላቸውም። ብሬሶንን ብሬሶን ያደረገው ላይካው አይደለም፤ ካፓንም ካፓ ያደረገው ኮንታክሱ አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ከሥራው ጠባይ ጋር የሚስማማውን መርጧል።

የእኛም ሀገር ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። ለላይካ ቀድመው ከቆሙት የዜና ፎቶ አንሺዎች አንዱ ጀርመናዊው አልፍሬድ አይዘንሽታት ነበር። በ1934 ሂትለርና ሙሶሊኒ በቬኒስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ ፎቶ ካነሱት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። በ1935 ደግሞ የሙሶሊኒ ጦር ሊወርራት ወደ ተዘጋጀባት ኢትዮጵያ መጣ። አፄ ኃይለ ሥላሴን አነሳ፤ ከሁሉ በላይ የታወቀለት ግን የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግሮች የሚታዩበት ምስል ነው። ትንሿ ካሜራ ለዓለም ያመጣችው ለውጥ በዚያ ፎቶ ውስጥ አለ። ቀድሞ ፎቶ ማለት ባለ ሥልጣን ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ፊት ለፊቱ ተተክሎ የሚነሳው ነበር። አሁን ግን ፎቶ አንሺው ጎንበስ ብሎ የተራውን ወታደር ተረከዝ ማየት ቻለ። ይህን ለማድረግ የፍጥነት ውድድሩ ወሳኝ አልነበረም። ወሳኙ ካሜራው ከሰውየው ጋር መሄዱ ነበር።

፬. ድንበሩ የወሰነው

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ የገበያው ክርክርም ከሻጭና ከገዢ እጅ ወጣ።

በፌብሩዋሪ 1945 ድሬስደን በእንግሊዝና በአሜሪካ አውሮፕላኖች ተደበደበች። የኮንታክስ ፋብሪካም ከጉዳቱ አልተረፈም። ቬትስላር ግን ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ ይዞታ ሥር ወደቀች፤ የላይትስ ፋብሪካም ወዲያው ወደ ሥራ ተመለሰ። ሁለት የሚመሳሰሉ ካሜራዎች፣ በካርታ ላይ በተሰመረ አንድ መስመር ሁለት የተለያየ ዕጣ ደረሳቸው።

የዛይስ ነገር ደግሞ ከዚህም የከፋ ነበር። የናን ቀድመው የያዙት አሜሪካኖች ነበሩ። ከተማዋ በስምምነት ለሶቪየቶች እንደምትተላለፍ ያውቃሉ። ስለዚህ ከመውጣታቸው በፊት በደርዘን የሚቆጠሩ የዛይስ ሳይንቲስቶችንና ኃላፊዎችን በመኪና ጭነው ወደ ምዕራብ ወሰዱ። ከተወሰዱት መካከል የኮንታክስ ንድፍ አባት ሃይንስ ኩፐንቤንደር ይገኝበታል። እነዚህ ሰዎች ኦበርኮኸን በምትባል ትንሽ ከተማ ሌላ ዛይስ መሠረቱ።

ሶቪየቶች ደግሞ ከሰው በተጨማሪ ማሽኑን ፈለጉ። እንደ ጦር ካሣ የኮንታክስ ማምረቻ መስመር በየና እንዲዘረጋ አድርገው፣ በ1947 ገደማ መሣሪያውን፣ አካላቱንና ንድፉን ጭነው ወደ ኪየቭ ከተማ አጓጓዙት። እዚያም «ኪየቭ» የሚባል ካሜራ ማምረት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ኪየቮች በጀርመን አካላት የተገጣጠሙ፣ ስማቸው ብቻ የተለወጠ ኮንታክሶች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ሶቪየቶች ላይካንም አልተዉትም ነበር። ከጦርነቱ ቀደም ብሎ፣ በ1934፣ በካርኪቭ ከተማ አንቶን ማካሬንኮ ይመራው በነበረው የጎዳና ልጆች ማሳደጊያ ኮምዩን ውስጥ «ፌድ» የተባለ የላይካ ቅጂ መመረት ጀምሮ ነበር። ፌድ ማለት የሶቪየት የደኅንነት መሥሪያ ቤት መሥራች የፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ዠርዠንስኪ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ ከጦርነቱ በኋላ በዛሬዋ ዩክሬን ውስጥ ሁለቱም ነበሩ፤ በካርኪቭ የላይካ ልጅ፣ በኪየቭ የኮንታክስ ልጅ።

፭. የሄደው ማሽን፣ የቀረው ሰው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

የኪየቭ ካሜራ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ ተመረተ። ወደ አርባ ዓመት ገደማ ማለት ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በመሠረቱ የ1936ቱ ኮንታክስ ሆኖ ኖረ። መጥፎ ካሜራ አልነበረም፤ ሌንሱ ዛሬም የሚያደንቀው አለ። ብዙ ሰብሳቢዎች ግን የቀደሙት ከኋለኞቹ እንደሚሻሉ ይናገራሉ። ይህ የሚያሳዝን አቅጣጫ ነው፤ አንድ ምርት ከዕድሜው ጋር መሻሻል ሲገባው ወደ ኋላ ከሄደ፣ የሚሠሩት ሰዎች «ይህ ብሎን ለምን እዚህ ገባ?» ብለው የሚጠይቁበት ዕድል አላገኙም ማለት ነው።

በአንጻሩ በፈራረሰችው ድሬስደን የቀሩትን ባለሙያዎች ተመልከቱ። የአሮጌው ኮንታክስ ማምረቻ ከእጃቸው ወጥቷል። በ1949 ግን «ኮንታክስ ኤስ» የተባለ ፈጽሞ ሌላ ካሜራ አወጡ። ፎቶ አንሺው በሌንሱ በራሱ፣ ቀጥ ብሎና ሳይገለበጥ የሚታየውን ምስል እያየ የሚያነሳበት ነው። በኋላ ዓለም ሁሉ የተከተለው መንገድ ይህ ነው። ማሽኑ የሄደበት ቦታ ትላንትን ደገመ፤ ሰዎቹ የቀሩበት ቦታ ነገን ጀመረ።

ሦስተኛው ወገን ደግሞ ጃፓን ናት። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጎሮ ዮሺዳ የሚባል ጃፓናዊ ባለሙያ አንድ ላይካ ፈታታ። በኋላ ሲናገር፣ ውስጡ አልማዝ የመሰለ የከበረ ነገር እንዳላገኘ፣ ያገኘው ነሐስ፣ አሉሚኒየም፣ ብረትና ጎማ ብቻ እንደሆነ፣ ከእነዚህ ርካሽ ነገሮች የተሠራ ዕቃ በዚያ ዋጋ መሸጡ እንዳናደደው አስታውሷል። ከዚያ ቁጭት የተወለደው ቤት ዛሬ «ካነን» ይባላል። በ1936 ለገበያ ያቀረበው ካሜራ ሌንስ የመጣው ደግሞ ኒፖን ኮጋኩ ከሚባል፣ ለጃፓን ጦር የዓይን መሣሪያ ከሚሠራ ፋብሪካ ነው።

ጃፓን በ1945 ስትሸነፍ ኒፖን ኮጋኩ ደንበኛው የነበረውን ጦር አጣ። ካሜራ እንሥራ ተባለ። መሐንዲሶቹ ሁለቱንም፣ ላይካንም ኮንታክስንም፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። አንዱን መርጦ መቅዳት ይቻል ነበር፤ ሶቪየቶች ያደረጉት ይህን ነው። ጃፓኖቹ ግን እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ጠየቁ። የውጭ ቅርጹን፣ የሌንሱን መቆለፊያና የሚነሳውን ጀርባ ከኮንታክስ ወሰዱ። የሚበጠሰውን ባለ ጥብጣብ መዝጊያ ተዉት፤ በምትኩ የላይካን ቀላል የጨርቅ መጋረጃ አስገቡ። በ1948 የወጣው ይህ ካሜራ «ኒኮን» ተባለ።

ፍሬው ለመታየት ሁለት ዓመት ፈጀበት። በ1950 የኮሪያ ጦርነት ሲጀመር (የእኛው ቃኘው ሻለቃ በተከታዩ ዓመት የዘመተበት ጦርነት ማለት ነው) ላይፍ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ፎቶ አንሺ ዴቪድ ዳግላስ ደንካን ቶኪዮ ነበር። አንድ ጃፓናዊ የሙያ ባልደረባው በኒኮን ቤት በተሠራ ሌንስ ያነሳውን ፎቶ አሳየው። ደንካን ዓይኑን ማመን አልቻለም፤ ወደ ፋብሪካው ሄዶ ሌንሶቹን መርምሮ በላይካ ካሜራው ላይ ገጠማቸው፤ ወደ ጦር ግንባርም ይዟቸው ሄደ። በዲሴምበር 1950 ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ጃፓኑ ካሜራና ሌንስ ጻፈ። ያ የተደነቀ ሌንስ አሠራሩ የተቀዳው ከዛይሱ ዞናር ነበር። ላይካ ላይ የተገጠመ፣ በጃፓን የተሠራ፣ የኮንታክስ ሌንስ ልጅ! ከዚህ በኋላ «የቱ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ትርጉሙን አጣ።

፮. «ዕድል ነው» ለሚሉ

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው «ታዲያ ኮንታክስን የጣለው ቦምብና ድንበር እንጂ ሌላ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ከፊሉም እውነት ነው። ድሬስደን ባትደበደብ፣ ዛይስ ለሁለት ባይከፈል፣ ምሥራቁና ምዕራቡ በዛይስ ስም ላይ ለዓመታት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ባይካሰሱ ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችል ነበር።

ነገር ግን ምዕራብ ጀርመን ውስጥ እንደገና የተቋቋመው ዛይስ ኢኮን በ1950 ከሽቱትጋርት የተሻሻለ ኮንታክስ አውጥቶ ነበር። ገበያው ክፍት ነበር፤ ስሙም የተከበረ ነበር። ያም ሆኖ መንገዱን የመራው እሱ አልሆነም። በ1954 ላይትስ «ኤም 3» የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። ብሎኑን ትቶ ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ ሌንስ አደረገ። ሁለቱን መስኮቶች ወደ አንድ አዋሐደ። ማለትም ኮንታክስ በ1932 እና በ1936 ያሳየውን ብልጫ፣ ሃያ ዓመት ገደማ ቢዘገይም፣ ሳያፍር ተቀበለ። አሮጌ ሌንስ ላለው ደንበኛው ደግሞ ማገናኛ ቀለበት ሠርቶለት የድሮ ሌንሱን በአዲሱ ካሜራ እንዲጠቀም አደረገ። አሸናፊው ተሸናፊውን መሰለ፤ የራሱን ሰው ግን ሜዳ ላይ አልጣለም።

የኮንታክስ ወገን ግን ከላይካ ቀላልነት የተማረው ጥቂት ነው። ዛይስ ኢኮንም በ1972 ካሜራ ማምረት አቆመ። ኒኮን በበኩሉ በ1959 ባወጣው አዲስ ካሜራ ሁለቱንም የድሮ ተፎካካሪዎች ከዜና ሰዎች አንገት ላይ አወረደ።

፯. እኛና የዝርዝሩ ወረቀት

ይህን ሁሉ ያነሳነው አሮጌ ካሜራ ለመግዛት የሚያስብ ካለ ለመምከር ብቻ አይደለም። በሀገራችን ሁለት ተመሳሳይ ማሽኖች ለጨረታ ሲቀርቡ የሚነጻጸረው ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ነው፤ ፍጥነቱ ስንት ነው፣ ጉልበቱ ስንት ነው፣ ዋጋው ስንት ነው። ጥብጣቡ ሲበጠስ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫው ከየት ይመጣል? የዛሬው ዕቃ ከአምስት ዓመት በኋላ ከሚመጣው ጋር ይገጥማል? እነዚህ ጥያቄዎች ሰንጠረዡ ላይ ነጥብ ሲያገኙ የምናየው ከስንት አንዴ ነው። ውጤቱም በየተቋሙ ጥግ ላስቲኩ ሳይገፈፍ አቧራ የጠጣ መሣሪያ ነው። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው እንዲሉ።

«የቴክኖሎጂ ሽግግር» የሚለውንም ቃል ከኪየቭና ከቶኪዮ አንጻር ማየት ይጠቅማል። ኪየቭ የደረሰው ሙሉ ፋብሪካ ነው፤ ንድፍ፣ ማሽን፣ አካል፣ ሁሉም አለ። ቶኪዮ ግን የነበራቸው ሁለት የተፈቱ ካሜራዎችና «ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?» የሚሉ ሰዎች ናቸው። ፋብሪካ የተላከለት አርባ ዓመት አንድ ነገር ደገመ፤ ጥያቄ የነበረው የሚቀዳ ሆነ። ማሽን በባቡር ይጫናል፤ ጥያቄ ግን አይጫንም።

ሱቅ ሄዳችሁ ሁለት የሚመሳሰሉ ስልኮች፣ ሁለት የሚመሳሰሉ ካሜራዎች ወይም ሁለት የሚመሳሰሉ ማሽኖች ቢቀርቡላችሁ፣ ዝርዝሩን አንብቡ፤ ማንበብ ክፋት የለውም። ከዚያ ግን ወረቀቱን ገልብጣችሁ ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት። «ሲበላሽ ማን ጋ ነው የምወስደው?» መልሱ ላይ የተንተባተበ ሻጭ የሚሸጥላችሁ ወረቀቱን ነው።

ቸር ይግጠመን።